«አትንኩ»

«የልጆች መጫወቻ ሙዚየም ተከፍቷል» ብሎ የነገረኝን ሰው እየፈለግኩት ነው። የነገረኝ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከጎኔ ተቀምጦ ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚወራ ነገር ደግሞ አይጣራም፣ ዝም ብሎ ይታመናል። «ከሶዶ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ልጆችህን ውሰዳቸው እንጂ! የሽቦ መኪናው፣ አሻንጉሊቱ፣ ገበጣው፣ ምን የሌለ አለ» አለኝ። እኔም ሞኙ ቤት ገብቼ ልጆቹ እየሰሙ ለእናታቸው አወራሁ። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ስህተት ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእንቅልፌ የምነቃው «አባዬ፣ ዛሬ ነው?» በሚል ድምፅ ሆነ።

እርግጥ እኔም ቸግሮኝ ነበር። ቅዳሜ ሦስት ልጅ ይዞ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የት ይኬዳል? የዳሞታ ተራራ አለ። ዳሞታ ግን የሚያምረው ከታች ሆነው ሲያዩት ነው፤ የዘጠኝ ዓመቱ ይወጣዋል፣ የስድስት ዓመቷ መንገድ ላይ ትቀመጣለች፣ የአራት ዓመቱን ተሸክሜ የምወጣው እኔ ነኝ። የሆቴል ጓሮ አለ። አንድ ዥዋዥዌ፣ እሱም አንዱ ሰንሰለት ረዝሞ የተንጋደደ፤ እዚያ ላይ ለመቀመጥ ሦስት ጁስ ማዘዝ ግድ ነው፣ ከሦስቱም ጁስ የሚጠጣው ግማሹ ነው። ስታዲየም አለ፤ የእግር ኳስ ክለባችን ድቻ ሜዳው ላይ ሲሆን እኔም ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን የትንሹ ልጄ ሽንት የሚመጣው ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ነው። ሠርግ በየሳምንቱ አይገኝም፣ ቢገኝም በባዶ እጅ አይገባበትም። ስለዚህ ሙዚየም ሲባል አንዳች ነገር ከሰማይ የወረደልኝ መሰለኝ።

እናታቸው ብልህ ናት። «እኔ እቁብ አለብኝ» አለች። እቁቡ እሑድ መሆኑን ያወቅኩት ማታ ነው።

መናኸሪያ ስንደርስ «ልጆቹ በጭን ናቸው» አልኩት ረዳቱን። ትልቁን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ጋሼ፣ ይሄማ አንተን ሊያክል ነው፤ ይከፈልበታል» አለኝ። ከፈልኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ለመንገድ የያዝነው ሙዝ አለቀ፣ ውሃው አለቀ፣ «ደረስን?» የሚለው ጥያቄ ገና ሳንነሳ ተጀመረ። በመስኮቱ በኩል ደግሞ አንድ ወጣት የፕላስቲክ መኪና፣ የሚዘፍን ስልክ፣ የሚበራ ሰይፍ በላስቲክ ተሸክሞ መጣ። መጫወቻ ለማየት እየሄድን መጫወቻ አልገዛም ብዬ ፊቴን ባዞር ትንሹ አላዞረም። ቀይ መኪና ተገዛለት። ከመናኸሪያው በር ሳንወጣ የፊት ጎማው ወለቀ፤ ጎማው ወንበር ሥር ገባ፤ ወንበር ሥር የሰው ዶሮ ታስሮ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። ለቅሶ እንደሆነ ግን አስታውሳለሁ።

የፕላስቲኩ ነገር መቼም የሁላችን ብሶት ነው። የማያለቅስ ልጅ የለም፣ የማይገዛ ወላጅ የለም፣ አንድ ሳምንት የሚቆይ መጫወቻ ደግሞ የለም። ሲሰበር እንኳ መጠገኛ የለውም፤ ተጣብቆ ነው የሚሠራው፣ ብሎን የሚባል አያውቅም። የሚዘፍነው ስልክ ከሆነ ግን ለብቻው ነው። የእሱ ቁልፎች በሙሉ ይበላሻሉ፣ ዘፈኑ ግን አይበላሽም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይጀምራል።

ሙዚየሙ ያለበትን ከተማም የቤቱንም ስም አልጠራም። አንዲት ክፍል ናት፤ አጥሯ ላይ የተሰቀለው ታፔላ ገና የድሮውን ክልላችንን ረጅም ስም ይዞ ቆሟል። በነሐሴ 2015 ክልሉ ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያ ከተባልን ወዲህ ስንት ማኅተም ተቀየረ፣ ስንት ደብዳቤ ተጻጻፍን፤ ታፔላው ግን አልሰማም። በሩ ዝግ ነበር። ዘበኛው፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ «ቁልፍ የያዘችው ልጅ ሻይ ልትጠጣ ወጣ ብላለች፣ አሁን ትመጣለች» አሉኝ። አሁን ማለት አርባ ደቂቃ ነው። መምጣቷ ራሱ ዕድል ነው፤ ቅዳሜ የሚከፈተው እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፣ እሑድ ጭራሽ ዝግ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን ክፍት ነው፣ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ቀን። የልጆች መጫወቻ ልጅ በሌለበት ሰዓት ብቻ እንዲታይ ያሰበውን ሰው ባገኘው እሱንም የምጠይቀው አለኝ።

ትኬት ላይ «ለትንሹም?» አልኩ።

«ያያል አይደል?» አለች ልጅቷ፣ ካርቦኑን ደረሰኙ መሃል እያስገባች። «የሚያይ ሁሉ ይከፍላል።»

መልስ አጣሁላት።

ገባን። መብራት የለም። ቤቱ መስኮት አለው፣ ነገር ግን ፀሐይ ዕቃውን እንዳታደበዝዘው ተብሎ በካርቶን ተደፍኗል። ስልኬን አውጥቼ ባበራ «ይቅርታ ጋሼ፣ ፎቶ ክልክል ነው» ተባልኩ። ፎቶ ላነሳ እንዳልሆነ፣ የቆምኩበትን ላይ እንደሆነ ባስረዳም ስልኩ ወደ ኪስ ተመለሰ። በሩ እንዲከፈት ተለመነ፤ ተከፈተ፤ በበሩ ብርሃን በኩል አንድ ስድሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር ተከትለውን ገቡ። «እጅ ወደ ኋላ!» አለ አስተማሪው። ስድሳ ልጅ በአንድ ጊዜ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። የኔዎቹም አደረጉ። መጫወቻ የምናየው እንግዲህ እንደዚህ ሆነን ነው።

አስጎብኚዋ መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ የተማረችውን ነው የምትለው። በመጀመሪያው ግድግዳ የወላይታ ባህል ልብስ ዱንጉዛ አለ፣ ጦር አለ፣ ጋሻ አለ። ስለ ወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦናና በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር ስለተደረገው ጦርነት ሃያ ደቂቃ ነገረችን። ይህን ታሪክ የወላይታ ልጅ ማወቅ አለበት፣ ክርክር የለኝም፤ ትልቁም አፉን ከፍቶ ነበር የሚሰማው። ቀጥሎ ሴቷ ልጄ እጇን አውጥታ «ካዎ ጦና ትንሽ ልጅ እያለ ምን ይጫወት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚዋ አስተማሪውን አየች፣ አስተማሪው እኔን አየኝ። «ጥያቄ በመጨረሻ ነው» ተባለ። በመጨረሻም አልተመለሰም።

የመጣንበት ነገር ጥግ ላይ ነበር፣ ከሁለት አሮጌ ምጣድና ከአንድ ከተሰነጠቀ እንስራ ቀጥሎ። አንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሽቦ መኪና፣ የካልሲ ኳስ፣ ወንጭፍና የበቆሎ ቆረቆንዳ አሻንጉሊት። መሬት ላይ፣ ገመድ ከተወጠረበት ወዲያ፣ አንድ የገበጣ እንጨትና ሰፌድ ላይ የተቀመጡ ጠጠሮች። ሴቷ ልጄ ጠጠሮቹን ቆጥራ «አምስት ናቸው፣ ልክ ነው» አለች። ቅልብልቦሽ በእሷ ዕድሜ ሃይማኖት ነው፤ አራትም ስድስትም ቢሆኑ እዚያው ትከራከር ነበር። እኔ ደግሞ ያየሁት ጽሑፉን ነው። በሳጥኑ ላይ «ባህላዊ የልጆች መጫወቻ» ይላል። በሰፌዱ ላይ «ባህላዊ የልጆች መጫወቻ» ይላል። በገበጣው ላይ «ባህላዊ የአዋቂዎች መጫወቻ» ይላል። አለቀ። ጠጠር ይሁን ኳስ ለማወቅ ጽሑፉ አያስፈልግም፤ ለማየትማ ከፍለናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያቺ የሽቦ መኪና እኮ የሚነገርላት አላት። ሽቦው ከየት መጣ? ከጎረቤት አጥር ነው፣ ወይም ከተሰበረ ጃንጥላ፤ ስንቶቻችን በእሷ ምክንያት ተገርፈናል! አካሏ ከሰርዲን ቆርቆሮ ይወጣል፤ ቆርቆሮውን ለማግኘት ሰርዲን የሚበላ ጎረቤት ያስፈልጋል፣ በእኛ ሠፈር የነበረው አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የሚበላው በደመወዝ ቀን ነው። ጎማዋ ያለቀ በረባሶ ተቆርጦ ይሠራል፤ የነጠላ ጫማም ይሆናል፣ ግን ቶሎ ይበላል። ቆርኪ የሚያስገባም ነበር፤ የቆርኪ ጎማ ድምፁ ያምራል፣ ጭቃ ላይ ግን ዋጋ የለውም፣ ሶዶ ደግሞ ጭቃዋ ይታወቃል። ዋናው ነገር መሪው ነው። የፊት ጎማዎቹን ከያዘው ሽቦ ረጅም ሽቦ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ክብ ሆኖ ይታጠፋል፣ ልጁ ቆሞ እየሮጠ ያንን ክብ ሲያዞር ከታች ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። የፊቱ ሽቦ በመሃሉ ብቻ ካልታሰረና ግራ ቀኝ መንቀሳቀሻ ካልተተወለት መኪናው ቀጥ ብሎ ገደል ይገባል። ይህን ያወቀ የስምንት ዓመት ልጅ ማንም ሳያስተምረው መካኒክ ነው። «ባህላዊ የልጆች መጫወቻ» ተብሎ ሲታለፍ አያናድድም?

አሻንጉሊቷም እንደዚያው። እውነተኛዋ የምትሠራው በእሸት ወቅት ነው፤ በቆሎው ገና ለጋ እያለ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ወርቃማ ፀጉር ሳይደርቅ። ልጃገረዶቹ ፀጉሩን ሹሩባ ይሠሩታል፣ በቅጠሉ ቀሚስ ያለብሱታል፣ በጀርባቸው ያዝሉታል። ፀጉሩ በሳምንቱ ጠቁሮ ይረግፋል፣ አሻንጉሊቷ ታርፍና ልጅቷ ሌላ ትወልዳለች። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የደረቀ ቆረቆንዳ ናት፤ ራሷ ላይ ጥቁር የሹራብ ክር ተለጥፎባታል። ልጄ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አጣብቃ «ፀጉሯ ክር ነው» አለች። «መስታወቱን አትንኪ» አለች አስጎብኚዋ።

ትንሹ ደግሞ ጎማው የወለቀ ቀይ መኪናውን በእጁ ይዞ የሽቦውን መኪና ሲያይ ቆየና «ማነው ያሰረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለምን እንደሚያወራ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሳየው እውነትም መኪናው እንዳይወድቅ በሲባጎ ከሳጥኑ ታች ታስሯል።

«የሚጫወትበት ልጅስ የት ሄደ?» አለች እህቱ።

አስጎብኚዋ ዝም አለች። በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛ «አደገ» አሉ።

ከዚያ አባባ ቀስ ብለው ቀረቡ። እሳቸውም እንደኔ ሲያዩት ኖረው ታክቷቸዋል መሰለኝ። «ይሄ መኪና መቼም አይሄድም» አሉ በጆሮዬ። «የፊቱን ሽቦ በሁለት በኩል ጠፍረው ነው ያሰሩት። ጎማውም ከካርቶን ነው፣ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ። በረባሶ ነበር የሚሆነው።» ለምን አያስተካክሉትም አልኳቸው። «የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው። እሱ ሥልጠና ሄዷል።» መቼ እንደሄደ አልጠየቅኩም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አቧራ ይናገር ነበር።

በአንድ ነገር ግን ለሙዚየም ሠሪዎች አዝንላቸዋለሁ። የልጅ መጫወቻ መሰብሰብ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የሚሠራው ከሚበሰብስ ነገር ነው። አገዳ፣ ጭቃ፣ የእንሰት ቅጠል፣ ጨርቅ። ከዳሞታ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ ጥላ አለን፤ የአርኪዮሎጂ ሰዎች ቆፍረው ከ40 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች አግኝተውበታል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትልቁ «የልጆቹስ?» አለኝ። በዚያ ዋሻ ልጅ ነበረ፤ ልጅ ካለ ጨዋታ አለ፤ ግን ምን ይተርፋል? ባልጩቱ ተርፏል፣ በአገዳ የተሠራው በሬ አልተረፈም። ደግሞስ ከወንዝ የተለቀመች የቅልብልቦሽ ጠጠር ብትገኝ ከሌላ ጠጠር በምን ትለያለች? የሚለየው የያዛት እጅ ነው፣ እጁ ደግሞ ሄዷል። አድጓል፣ እንደ አባባ አነጋገር።

ቢሆንም ሲፈለግ ይቻላል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ድሮ የንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። እዚያ ዕቃው የተደረደረው በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደት ተነስቶ፣ በልጅነት አልፎ፣ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ። ልጅነት የራሱ ቦታ አለው፤ ጨዋታው ከተረቱ ጋር እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት ለጉዳይ አዲስ አበባ ስወጣ ትልቁን ይዤው ገብቻለሁ። ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ቤት ገብቶ ለእህቱ የተረከላት ስለ ጃንሆይ መታጠቢያ ገንዳ ነው። በማግሥቱም ብሔራዊ ሙዚየም ወስጄው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን አሳይቼው፣ «ቀሪውን ማን ወሰደው?» ነው ያለኝ። ልጅ እንዲህ ነው። ግን ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሦስቱን ይዞ መሄድ ለደመወዝተኛ ሰው ሙዚየም ማየት ሳይሆን ሙዚየም መግዛት ይሆናል።

የስድስት ኪሎው ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ጨዋታዎች ረጅም ጥናት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፣ በየአገሩ ስሙና ሕጉ ይለያያል፤ እሳቸው ያንን ሁሉ ለቅመው ጽፈዋል። እኛ ዘንድ ያለው የገበጣ እንጨት ግን ሕጉም፣ የመጣበት መንደርም፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ፍሬ ስንት እንደሆነም የለበትም። «የአዋቂዎች» የሚል አለበት። ትልቁ ልጄ ያንን አንብቦ «ታዲያ አያቴ እኔን ለምን አስተማረችኝ?» አለ።

ውጭ አገርማ ይባስ። ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተ የልጅነት ሙዚየም አለ፤ በዓለም ላይ ጫጫታ የበዛበት ሙዚየም እየተባለ ይጠራል። እንደ ስድብ አይቆጥሩትም። አሜሪካም ሮቼስተር በምትባል ከተማ የጨዋታ ሙዚየም ውስጥ ለመጫወቻዎች የክብር መዝገብ አላቸው። ታዋቂ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው አሻንጉሊቶች የሚገቡበት መዝገብ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ባዶ ካርቶን ገባበት፣ በ2008 ዱላ፣ በ2021 አሸዋ። ዱላ! ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። በእኛ ሰፈር ልጅ ዱላ ይዞ ሲሮጥ ካዩት «ዓይን ታጠፋለህ፣ ጣለው!» ነው፤ አሸዋ ላይ ከወጣ የአሸዋው ባለቤት ቤቱን እየሠራ ያለ ጎረቤት ነውና ጠቡ የወላጅ ይሆናል። ካርቶን ደግሞ፣ እንዳልኳችሁ፣ መስኮት ይደፈንበታል።

ወደ እኛው ሙዚየም ልመለስና፣ ሳጥኑ ውስጥ ካለው የካልሲ ኳስ ላይ ስንደርስ አስጎብኚዋ ትንሽ ፈገግ አለች። ድቻ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ካይሮ ላይ የግብፁን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት ሲጥል ከተጫዋቾቹ ስንቱ በእንዲህ ያለ ኳስ ጀምሯል አለች። ከጽሑፍ ያልወሰደችው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር፤ ስድሳው ተማሪ በአንድ ጊዜ ነቃ፤ አንዱ «ድቻ!» ብሎ ጮኸ። አስተማሪው «ሥርዓት!» አለ። አለቀ።

እዚያ ቆሜ ሌላም ነገር አስቤያለሁ፣ ላልናገረው አስቤ ነበር። ከሳጥኑ የጎደለ አንድ ዕቃ አለ። ከዚህ ከወላይታ በትልቁ ልጄ ዕድሜ አዲስ አበባ ወጥቶ አስፋልት ዳር የሚቀመጥ ልጅ ስንት ነው? እሱም በእጁ የሠራው የእንጨት ሳጥን አለው፤ ብሩሽና ቀለም የሚይዝ፣ ላዩ ላይ የደንበኛ ጫማ የሚቀመጥበት። ሥራ ሲጠፋ እሱኑ እንደ ከበሮ ይመታዋል። የሊስትሮ ሳጥን መጫወቻ ነው ወይስ መሣሪያ? በየትኛው ጽሑፍ ሥር ይቀመጣል?

ትንሹ ሽንቱ መጣ። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ቢሮ ነው፣ ቢሮው ቅዳሜ ዝግ ነው። አባባ ከኋላ ያለውን የእንሰት ተክል አሳዩን። ስንመለስ ተማሪዎቹ ወጥተዋል፤ አስጎብኚዋ የአስተያየት መዝገቡን ዘርግታ ትጠብቀናለች። አገላበጥኩት። ገጽ በገጽ «ቅርሳችን ይጠበቅ»፣ «በርቱ»፣ «ቅርሳችን ይጠበቅ» ይላል። ስለ መብራቱ፣ ስለ ጽሑፉ፣ ስለ እሑዱ የጻፈ አንድ ሰው የለም። እኔ ልጽፍ አሰብኩ፤ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል፣ ቀለሙ ግን የለም። ትልቁ የራሱን እርሳስ አወጣና፣ እኔ ሳላየው፣ ገጹ ላይ የሽቦ መኪና ሣለበት፤ የፊት ሽቦው በመሃል ብቻ የታሰረ። «ይሄ እኮ የመንግሥት መዝገብ ነው!» አለች አስጎብኚዋ። ይቅርታ ጠየቅኩ። አባባ ግን መዝገቡን አስጠግተው አዩትና «ይሄኛው ይሄዳል» አሉ።

የመመለሻው ሚኒባስ ላይ ሦስቱም ተኙ፣ ሦስቱም እኔ ላይ። ክንዴ ደነዘዘ። ትንሹ በእንቅልፉም ቀይ መኪናውን አልለቀቀም። ለቅሶ ቤት ያወራኝን ሰው ደግሜ ረገምኩ፤ ከዚያ ራሴን፤ ከዚያ የእቁቡን ነገር አሰብኩ።

ቤት ስንገባ እናታቸው «እንዴት ነበር?» አለች። ልጆቹ ስለ ዶሮዋ ነገሯት።

ማታ እናታቸው ልብሳቸውን ለአጠባ ስትለይ ከትንሹ ሱሪ ኪስ አንድ ጠጠር ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ለስላሳ፣ ክብ፣ ግራጫ። ሴቷ ልጄ አንስታ በመዳፏ መዘነችው፤ ወርውራ በእጇ ጀርባ ቀለበችው። «የእነሱ ናት» አለች። ትንሹ ከእንሰቱ ሥር እንዳነሳት ምሎ ተገዘተ። የአራት ዓመት ልጅ መሐላ ይታመን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ፤ ከእንሰቱ ሥርም ጠጠር ሞልቷል፣ ሁለቱም ከአንድ ወንዝ የመጡ ይመስለኛል።

እዚያ ሰፌድ ላይ አሁን ያሉት አራት ይሁኑ አምስት አላውቅም። ለማጣራት መሄድ አለብኝ። እሑድ ዝግ ነው። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ልጅቷ ከሻይ ከተመለሰች። በሥራ ቀን ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮ ብገባ አለቃዬ ለምን እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሁለት ቀን አሰብኩ። ጠጠሯ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ ሌላ አራት ከግቢ ለቅመው ሲጫወቱባት ነው የሚያመሹት።